የሱቅ መልእክተኛ ሞተርና የባለሱቁ ኃላፊነት

ፈረስ መጋላ ስሙን ያገኘው ከፈረስ ገበያ ነው። ዛሬ ግን በአደባባዩ ፈረስ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ነው። ሐረርን በፎቶግራፍ ለዓለም ያስተዋወቋት አሮጌዎቹ የፔዦ 404 ታክሲዎች እንኳ ለባለሦስት እግሯ ባጃጅ ቦታ እየለቀቁ ሄደዋል፤ ባጃጅ በማትደፍረው ጠባብ መንገድ ደግሞ ሞተር ይገባል። ስለዚህ የጨርቅ ነጋዴውም ሆነ የቡና ነጋዴው፥ የመድኃኒት መደብሩም ሆነ የመለዋወጫ ሱቁ፥ ዕቃ ሲያልቅበት ወይም ደንበኛ ሲያስቸኩለው ዓይኑን የሚጥለው በደጁ በቆመው ሞተርና ቁልፉን ለመቀበል በሚጣደፈው ወጣት ላይ ነው።

ይህ ልማድ ለንግዱ ጥቅም እንዳለው የሚክድ አይገኝም። ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል፥ ማቆሚያ አያስቸግርም፥ ተሸካሚና ጋሪ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን የከተማ መልእክት በጥቂት ጊዜ ይጨርሳል። ነገር ግን ወጣቱ መንጃ ፈቃድ የሌለው እንደ ሆነ፥ ቁልፉን የሰጠው ነጋዴ በትከሻው ላይ ምን ያህል ዕዳ እንዳስቀመጠ ብዙ ጊዜ አያስበውም። «አቦ፥ እዚሁ ቅርብ ነው፤ ከሸዋ በር አያልፍም» ይባላል። ሕጉ ግን ቅርብና ሩቅ ብሎ አይለይም።

የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የሚመራው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 በተባለው ሕግ ነው፤ ከእርሱ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 600/2000 ነበረ። ፈቃዱ በምድብ በምድቡ የተከፈለ ሲሆን ሞተር ብስክሌትም የራሱ ምድብ አለው። አመልካቹ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፥ ጤንነቱ የተመረመረ፥ ከማሠልጠኛ ተቋም ትምህርቱን ተከታትሎ የጽሑፉንና የተግባሩን ፈተና ያለፈ መሆን ይኖርበታል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም በጉዞው ሁሉ በኪሱ መያዝ አለበት፤ በሱቁ መሳቢያ የተቀመጠ ፈቃድ በመንገድ ላይ ለሚጠይቀው የትራፊክ ፖሊስ መልስ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቆችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት የሞላ ወጣት ለዕድሜው በተፈቀደ ሥራ እንዲቀጠር ይፈቅዳል። እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ ቀጥሮ በሱቅ ማሠራት በራሱ ሕግ መተላለፍ አይደለም። ይኸው ልጅ ግን የሞተር መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። «በሕግ የቀጠርሁት ሠራተኛ ነው» የሚለው ቃል በሞተር ላይ ለተቀመጠው ልጅ መከላከያ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በጊዲር መጋላ አጠገብ የሚነግድ አንድ ባለሱቅ የ17 ዓመት ረዳቱን ጠርቶ፥ ሁለት ካርቶን ሳሙና በሞተር ጭኖ ኤረር በር አጠገብ ላለ ደንበኛ እንዲያደርስ ላከው እንበል። ልጁ ከጠባብ መታጠፊያ ሲወጣ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ላይ ደረሰ፤ እግራቸው ተሰበረ፤ ልጁም ወድቆ ክንዱ ተጎዳ። ሁለቱም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ተወሰዱ። ከዚህ በኋላ ሂሳቡ የሚጀምረው ከባለሱቁ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ያውም ተሽከርካሪውን የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ የሚያመልጠው ንብረቱ በዚያ ጊዜ ተሰርቆ እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ መከራከርም አይጠቅመውም፤ ሕጉ በቁጥር 2086 ይህን በር ዘግቶታል፤ የሚያቃልልለት ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው። ሞተሩ የባለሱቁ ሳይሆን የልጁ የራሱ ወይም የጎረቤት ቢሆንስ? በዚያን ጊዜ ቁጥር 2130 ይመጣል፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጥፋት አሠሪው ተጠያቂ ነው። ሳሙናው የሱቁ ነበር፤ መልእክቱም የባለሱቁ ነበር።

ሁለተኛው ዕዳ ከራሱ ከልጁ ክንድ ይመጣል። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የሕክምናው ወጪ አለ፤ ጉዳቱ ለሁልጊዜ ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነ ደግሞ ካሣው ከዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ድረስ ይደርሳል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ጥሶ የተጎዳ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ሆኖም ትእዛዙ መሰጠቱን ማን ያስረዳል? በሐረር ሱቆች ትእዛዝ የሚሰጠው በአፍ ነው፤ የአፍ ትእዛዝ ደግሞ በፍርድ ቤት ፊት ይጠፋል። የልጁ አባት መጥተው «ጋሼ፥ ልጄን አምኜ ነው በእጅዎ የሰጠሁት» ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ ከሕግ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም።

«መድን አለኝ» የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ ደግ ነው፤ መድን ሊኖረው ግዴታም ነው። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሰጠው የተሽከርካሪ መድን ሽፋን በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000፥ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል፤ ሞተር ብስክሌትም ከዚህ ውጭ አይደለም። የ2005ቱ አዋጅ በወጣበት ጊዜ የወሰነው የካሣ ልክ ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ፥ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበረ። ነጋዴው ውሉን ሲያድስ በጊዜው የሚሠራበትን ልክ መጠየቅ አለበት፤ ከዚያ በላይ የሚሆነው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕግ ከእርሱ ሊጠየቅ ይችላልና። ሌላው ነገር፥ በፈቃደኝነት የሚገባው የሙሉ ሽፋን ውል በልማድ ትክክለኛ መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ የደረሰውን ጉዳት አይከፍልም። ብዙዎች ውሉን ሲፈርሙ ይህን ክፍል አያነቡትም፤ ፊደሉም እንደሚታወቀው ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የወንጀሉ ክፍል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር ላለ ሰው ቅጣቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሞቱ እንደ ሆነ፥ ወይም ጥፋተኛው በግልጽ የተደነገጉ ደንቦችን ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ሰክሮ ያደረገው እንደ ሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት ይሆናል። ለሁለት ካርቶን ሳሙና ይህ ከባድ ዋጋ ነው።

የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 208 ወጥቶ፥ በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 395 ተሻሽሎ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 557 እንደ ገና ታውጇል። ሞተረኛ ሄልሜት ማድረግ እንዳለበት የታዘዘው በዚሁ ደንብ ነው። ደንቡ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ የጀጎል መንገድ ግን ከአገሩ መንገድ ሁሉ የተለየ ነው።

በግንቡ ውስጥ ያለው ስፍራ 48 ሄክታር ብቻ ነው። ይህ ስፍራ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በመስጊዶቹና በቤቶቹ ብቻ ሳይሆን በመንገዶቹም ጭምር ነው። በሐረሪ ቋንቋ «ኡጋ» የሚባሉት እነዚህ ጠባብ መንገዶች ለእግረኛና ለተጫነ አህያ የተቀየሱ ናቸው። ግድግዳው ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ነገር አይታይም፤ የቤቱ በርም በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ ልጅ ሮጦ ሲወጣ የሚያየው ሰው የለም። ከመስጊድ የሚወጡ ሽማግሌ ሞተር ሲመጣባቸው የሚሸሹበት ዳር የለም፤ ጀርባቸውን ከግንቡ ያስጠጋሉ እንጂ። በክረምት ድንጋዩ በዝናብ ይለሰልስና ፍሬን የተያዘበት ጎማ ይንሸራተታል። በማኪና ግርግር ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ከመንገደኛው ጫጫታ ጋር ተደባልቆ፥ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር የሚሰማ ጆሮ አይገኝም።

የፍጥነት ነገር በብዙዎች ዘንድ በቅጡ የታወቀ አይደለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ወደ 60 ሲጨምር የመምታት ኃይሉ እጥፍ የሚሆን ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀትም እንዲሁ። ጭነት ሲጨመርበት፥ ይልቁንም ጭነቱ ከኋላ ከፍ ብሎ የታሰረ እንደ ሆነ፥ የፊተኛው ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። በፍሬን ጊዜ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ጎማ ነው፤ ያልሠለጠነ ልጅ ግን የሚረግጠው የኋላውን ብቻ ነው። በማሠልጠኛ ተቋም ከሚገኙት ትምህርቶች ይህ አንዱ ብቻ እንኳ ክፍያውን ያወጣል።

በግንቡ ውስጥ ላለ ደንበኛ ዕቃ ለማድረስ የተሻለው ዘዴ ሞተሩን በበሩ አጠገብ አቁሞ በሸክም መግባት ነው። ጀጎልን ከዳር እስከ ዳር በእግር ማቋረጥ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ሞተር የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ሲባል የሚገባበት አደጋ ግን ከላይ ተነግሯል። ከግንቡ ውጭ ያለው አደጋ ሌላ ዓይነት ነው። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፥ ይልቁንም ከአወዳይ እስከ ደንገጎ፥ ጫት የጫኑ መኪናዎች ዕቃው ሳይጠወልግ ለማድረስ ይሽቀዳደማሉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ሞተረኛ ቢሳሳትም ባይሳሳትም ተጎጂው እርሱ ነው።

መንግሥት ሲያመርር እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል የአዲስ አበባ ነጋድያን አይተውታል። የከተማው አስተዳደር በሞተር ብስክሌት የሚፈጸም ዝርፊያና ወንጀል መብዛቱን ምክንያት አድርጎ፥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ አገደ። ዕገዳው ፈቃድ ያለውንና የሌለውን፥ ጠንቃቃውንና ግዴለሹን አንድ ላይ የመታ ነበረ፤ በሞተር መልእክት ንግዳቸውን ያቆሙ ቤቶችም ሥራቸው ተሰናከለ። ሐረር ውስጥ ሥርዓት ከነጋዴው ወገን ቢጀመር ለሁሉም ይቀላል።

ስለ ሄልሜት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል፤ ይኸኛው ክፍል ለአስመጪዎች ነው። የሞተረኛ የራስ መከላከያ ታሪክ ከመልእክተኛ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የዐረቢያው ሎሬንስ በመባል የታወቀው እንግሊዛዊ መኮንን በሞተር አደጋ ሲሞት፥ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊቅ የነበረው ሂው ኬርንስ ነበረ። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ደብዳቤ በሞተር በሚያመላልሱ ወታደሮች ላይ የሚደርሰውን የራስ ጉዳት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መልእክተኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግዴታ እስኪሆን ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1973 ቆየ። ሞተር እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባት ቬትናም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ለሁሉም መንገድና ለሁሉም ሞተረኛ ግዴታ አድርጋዋለች። ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው፥ አደጋ የደረሰበት ሞተረኛ ሄልሜት አድርጎ እንደ ሆነ የመሞት አደጋው በ42 በመቶ፥ የራስ ጉዳት አደጋው በ69 በመቶ ይቀንሳል።

ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው እውነተኛ ሲሆን ነው። የሕንፃ ሠራተኛ የሚያደርገው ቆብ ከላይ የሚወድቅ ድንጋይን ለመከላከል የተሠራ እንጂ ለሞተር አይደለም። በእውነተኛው ሄልሜት ውስጥ ከጠንካራው ልባስ በታች ወፍራም አረፋ አለ፤ በምት ጊዜ ይህ አረፋ ተጨፍልቆ ምቱን በራሱ ላይ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም እንደ ገና መሸጥም መግዛትም አይገባም። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 መሠረት የተፈተነው ሄልሜት በማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና የፈቀደውን አገር የሚያመለክት ቁጥር የተሰፋበት ነው። አስመጪው ናሙና ሲያይ በመጀመሪያ ማሰሪያውን ገልብጦ ይህን ምልክት ይፈልግ፤ ከዚያም ማሰሪያውን ቆልፎ በኃይል ይሳበው፤ ሲሳብ የሚፈታ እንደ ሆነ ውሉን አይፈርም።

ትእዛዝ ሲላክም አንድ መጠን ብቻ ማዘዝ ኪሣራ ነው። ሰፊ ሄልሜት በጠባብ ራስ ላይ በምት ጊዜ ይሽከረከራል ወይም ወልቆ ይሄዳል። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ራስ አለው፤ ሻሽ ወይም ሂጃብ ያሰሩ እናቶችና እኅቶች ደግሞ ሻሹን ቀጭን አድርገው አስረው የሚገጥማቸውን መጠን መሞከር ይፈልጋሉ። እያንዳንዱን ሄልሜት በካርቶን ከማሸግ ይልቅ ደንበኛ እንዲለካ በመደርደሪያ ላይ በሦስትና በአራት መጠን አውጥቶ የሚያሳይ ሱቅ በማኪና ግርግር ቢከፈት ገበያ አያጣም።