ስም የተፋቀበት መዝገብ

በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ለመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን የሚገዛው መሥሪያ ቤት፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት የ135,000 ያህል ሠራተኞችና ቤተ ሰቦች የሕክምና መዝገብ ለተመራማሪዎች በሰጠ ጊዜ፣ ስማቸውን አስቀድሞ ፍቆ ነበርና የማንም ምስጢር እንደማይገለጥ ታመነ፤ አገረ ገዥው ዊሊያም ዌልድም ይህንኑ ለሕዝብ አረጋገጡ።

በዚያ ወራት በኤም አይ ቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የነበሩት ላታንያ ስዊኒ ግን አገረ ገዥው የሚኖሩባትን የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዝተው የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ከቀሩበት የሕክምና መዝገብ ጋራ ቢያስተያዩት፣ በአገረ ገዥው የልደት ዕለት የተወለዱት 6 ሰዎች፣ ከነዚያም ወንዶቹ 3፣ በፖስታ ቁጥራቸው ሰፈር የሚኖሩት ግን እርሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህም ስማቸው ያልተጻፈበት የሕመማቸው ታሪክ በገሃድ የእርሳቸው መሆኑ ታወቀ። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ቁልፍ አለመስበራቸው፣ አንድም ኅቡእ ነገር አለመስረቃቸው ነው።

የልደት ቀን ብቻውን፣ ጾታም ብቻውን፣ የፖስታ ቁጥርም ብቻውን የብዙ ሰዎች ነው፤ ሦስቱ ሲገናኙ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው መለያ ይሆናሉ። ስዊኒ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ባወጡት ስሌት ከአሜሪካ ሕዝብ 87 ከመቶው በነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል፤ በ2006 ሌላ ሊቅ መልሶ ሲያሰላው 63 ከመቶ ቢያገኝም፣ ይህም ቢሆን ከሕዝቡ እኩሌታ በላይ ነው።

መድኃኒቱንም ስዊኒ ከባልደረባቸው ጋራ አበጁ፤ ይኸውም በመዝገብ ያለ እያንዳንዱ ሰው በነዚህ መለያዎች ቢያንስ ከተወሰኑ ሌሎች ጋራ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ፣ የልደቱን ዕለት ትቶ ዓመቱን ብቻ መጻፍ፣ የፖስታውንም ቁጥር ማሳጠር ነው። ዋጋ የሌለው ጥበብ ግን አይደለም፤ መዝገቡ በደበዘዘ ቁጥር ደዌን የሚመረምር ሐኪም የሚያገኘው ዕውቀት ይቀንሳልና።

ስዊኒ በ2001 ከኤም አይ ቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ፤ በካርኔጊ ሜለን፣ ኋላም በሃርቫርድ አስተማሩ፤ በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዋና የቴክኖሎጂ ሹም ሆነው አገለገሉ።

እናንተም የሕሙማንን መዝገብ የምትጠብቁ ሹማምንትና ሐኪሞች፣ ለሌላ ወገን ከማስተላለፋችሁ በፊት፣ ስሙ ከተፋቀ በኋላ የቀረው ነገር ከየትኛው ሌላ መዝገብ ጋራ ሊገናኝ እንደሚችል አስቀድማችሁ መርምሩ።