የወየበ ነጠላ እንዴት ይነጻል?

«ለጥምቀት ያልኾነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ይኹን እንጂ ለጥምቀት ተብሎ በሣጥን የተቀመጠው ቀሚስና ነጠላ በዋዜማው ሲወጣ፥ በአንገቱ ዙሪያ፥ በብብቱና በእጥፋቱ ላይ ቢጫ ነገር ታይቶበት የቤት እመቤቲቱ የምታዝንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሲቀመጥ ነጭ ነበረ፤ ከዚያም ወዲህ ማንም አልለበሰውም። ታዲያ ቢጫው ከወዴት መጣ? ይህን ለመመርመር ጊዜ የሚወስድ ሰው ጥቂት ነው፤ እጅ ወዲያው ወደ በረኪናው ጠርሙስ ይዘረጋል። እኛ ግን ለአንባብያን ልናስረዳ የምንወደው ቢጫ ኹሉ አንድ ዐይነት አለመኾኑን፥ በረኪናም አንዱን እድፍ ሲያስለቅቅ ሌላውን ለዘወትር የሚያትም መኾኑን ነው።

ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ፥ እንዲሁም በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱና በመተሐራ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህን ችግር ከደጋው ሰው ይልቅ ያውቁታል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። በእንዲህ ያለው ቆላ በዓል አክብሮ የተመለሰ ሰው ልብሱ በላብ ሳይርስ አይቀርም። ላቡም ሲደርቅ ስለማይታይ፥ «አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ነው» ተብሎ ሳይታጠብ ይታጠፋል። የመወየብ መጀመሪያው ይህ ነው።

ከላብም ይልቅ የማይጠረጠረው ቅባት ነው። ጠጕሯን ለጋ ቅቤ የተቀባች እናት ነጠላዋን ስትከናነብ፥ ጥቂቱ ቅቤ ወደ ፈትሉ ይሻገራል። በዚያን ቀን ምንም አይታይም። ነገር ግን ቅቤ ሲቈይ ሽታውና መልኩ እንደሚለወጥ ኹሉ፥ በፈትሉ ውስጥ የገባውም ቅባት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ከወራት በኋላ ቢጫ ኾኖ ይወጣል። ስለዚህ ቢጫው በሣጥን ውስጥ የመጣ ሳይኾን በሣጥን ውስጥ የተገለጠ ነው። ቅባቱ ገና አዲስ ሳለ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጨርቁ በውኃ ሳይነከር በፊት ቦታውን በሳሙና ማሸት፥ ጥቂት ማቈየት፥ ከዚያም ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን ቅባትን አያስለቅቅም።

ቅባቱ ከቈየ ግን ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አንድ ኩባያ፥ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ ኩባያ፥ ውኃ ኹለት ኩባያ በሳፋ አዋሕዶ ነጩን ጥጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ይህ ውሁድ አየር ስለሚያወጣ በጠርሙስ ተከድኖ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላልና። ባለ ጥለት ልብስ ከኾነ አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ በጠብታ መሞከር ይገባል።

የብብቱ ቢጫ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዛሬ ብዙዎች የሚቀቡት የላብ መከላከያ የአሉሚኒየም ጨው አለበት፤ ይህም ከላቡ ጋር ተዋሕዶ በጨርቁ ላይ ይደድራል። በዚህ ላይ በረኪና ቢፈስበት ቢጫው ይብሳል እንጂ አይለቅም። አንድ እጅ አቼቶ በኹለት እጅ ውኃ አቅጥኖ ግማሽ ሰዓት ማቈየት፥ በደንብ ማለቅለቅ፥ ቀጥሎም በሳሙና ማጠብ ይሻላል።

የእርድን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ የገበታውን ሐቅ መካድ ይኾንብናል። የአልጫ ወጥ ጠብታ በነጠላ ላይ ሲወድቅ ቢጫ ነው፤ ሳሙና ሲነካው ግን ድንገት ወደ ቀይ ይለወጣል። ያጠበችው ልጅ «ልብሱን አበላሸሁት» ብላ ትደነግጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች። አላበላሸችውም። የእርድ ቀለም በሳሙናው ጠባይ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠነከረም፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። የእርድ ቀለም ብርሃንን አይችልም፤ በአዳማ የቀትር ፀሓይ አንድ ኹለት ቀን ቢሰጣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ከኹሉ ይልቅ በረኪና የሚጐዳው የዝገት እድፍን ነው። ከቈየ የብረት ቧንቧ፥ ከዛገ በርሜል፥ ልብስ ከሚሰጣበት ሽቦ የሚመጣው ይህ ብጫማ ቡኒ ነጥብ ብረት ነው፤ በረኪናም ብረቱን ይበልጥ ያዝገዋል። ለዚህ የሚስማማው ኮምጣጣ ነገር ነው። የሎሚ ጭማቂና ጨው በእድፉ ላይ አድርጎ ፀሓይ ላይ ማቈየት፥ ሳይደርቅ ደግሞ መጨመር፥ በመጨረሻም አጥርቶ ማለቅለቅ ዝገቱን አሟሙቶ ያወጣዋል።

በስምጥ ሸለቆው የጕድጓድ ውኃ ላይ የሚወርደውንም ክስ እንመልከት። በወንጂና በአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ በመብዛቱ የብዙ ሰው ጥርስ ቡኒ እንደ ኾነ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ «ጥርስን ያቀለመ ውኃ ልብስንም ያወይባል» የሚሉ አሉ። ፍሎራይዱ በልብሱ ነገር ንጹሕ ነው፤ ጥርስን የሚጐዳው በልጅነት ሲጠጣ፥ ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ነውና። ዳሩ ግን በዚያ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ሶዳ እጅን የሚያሟልጭ፥ ሳሙናውም በቶሎ የማይለቅ ያደርገዋል። በፈትሉ ውስጥ የቀረው ሳሙናና ሶዳ የካውያ ትኩሳት ሲያገኘው ነጩን ያወይበዋል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ባልዲ ኹለት ማንኪያ አቼቶ መጨመር ይህን ያስወግዳል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን። አቼቶም ሎሚም መልካም ናቸው፤ በረኪናም በቦታው መልካም ነው፤ ኹለቱ በአንድ ሳፋ ከተገናኙ ግን መርዝ ይወልዳሉ። ኹለቱም ስማቸው ከጣልያንኛ የመጣ የቤታችን እንግዶች ናቸው፤ አንድ ላይ ግን አይስተናገዱም። ከውሕደታቸው የሚወጣው ክሎሪን የሚባለው ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር ወታደሮችን ለመፍጀት የተለቀቀው ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግታ የምታጥብ ሠራተኛ ወይም ልጅ፥ «ኹለቱ ቢደመሩ ይበልጥ ያነጻሉ» ብላ ብትቀላቅል ዐይኗና ጕሮሮዋ ይቃጠላል፥ ሳንባዋም ይጐዳል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሳፋውን ለመድፋት ሳይዘገዩ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው፤ ሳሉ ካልተወ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

በረኪናን በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ጠርሙስ መቅዳትም ክፉ ልማድ ነው፤ የተጠማ ሕፃን ከውኃ አይለየውም። የጠጣ ሰው ቢኖር አፉን በውኃ ማጠብና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ እንጂ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ሲመለስ ጕሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና።

ታዲያ በረኪና ለምን ይኹን? ጥለት ለሌለው፥ ከጥጥ ብቻ ለተሠራ ነጭ አንሶላና ፎጣ ይኹን፤ ለዐሥር ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሩብ ኩባያ፥ ከዐሥር ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። ለሱፍና ለሐር ፈጽሞ አይኾንም፤ እነዚህን ራሱ በረኪናው ቢጫ ያደርጋቸዋል። የእጅ ፈትልንም ደጋግሞ ሲነካው ክሩን ያሳሳዋል፤ እናት ፈትላ ያስሠራችው ነጠላ በነጭነቱ ሳለ የሚቀደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አያቶቻችን ለነጠላና ለጋቢ እንዶድን መምረጣቸው አላዋቂነት አልነበረም። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ይሰጣል፥ ፈትሉንም አይጐዳም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፥ ከዚያም የብልሃርዝያን ተሸካሚ ለማጥፋት ምርምር የጀመሩት ከዚሁ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ዓሣንም ስለሚገድል፥ እጣቢውን ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ ማፍሰስ አይገባም።

ስለ አቀማመጡም ጥቂት እንበል። ልብሱ አንድ ቀን እንኳ ቢለበስ ታጥቦ፥ ፈጽሞ ደርቆ ይቀመጥ። በፌስታል አይጠቅለል፤ ከአንዳንድ ፕላስቲክ የሚወጣ ነገር ራሱ ጨርቅን ያወይባልና። የሣጥኑ እንጨትና የካርቶን ወረቀትም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ በታጠበ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበጃል። ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረም፥ ከሣጥን አውጥቶ አየር ማስነካትና በሌላ መሥመር ማጠፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቢጫ ቢታይ እስከ ጥምቀት አራት ወር አለ።