ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ሽቦ አልባ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ስለ መስማማታቸው

ቀድሞ በአገራችን የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ወረዳ ቁና ጋራ እኩል ስላልነበረ፤ እህል ሻጭና እህል ገዢ በዋጋው ከተስማሙ በኋላ በስፍሩ ይከራከሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ክርክሩ የሚነሣው ከሁለቱ አንዱ አታላይ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም በየቁናቸው ልክ ሆነው ሳሉ፤ የጎደለው ሁለቱን የሚያስማማ አንድ መስፈሪያ ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፤ በየእህል መጋዘኑና በየችግኝ ጣቢያው የሚተከሉት፤ ያለ ሽቦ በአየር ሞገድ የሚነጋገሩት መሣሪያዎችም ነገራቸው ይህንኑ ይመስላል። አንዱ ከአንድ ፋብሪካ፤ ሁለተኛው ከሌላ ፋብሪካ ተገዝቶ ሲመጣ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ደኅና ሆኖ ሳለ፤ ባንድነት ሲተከሉ ሳይነጋገሩ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ለመንግሥት ገንዘብ ኀላፊ የሆነ ሹም፤ ወይም ለእርሻው መሣሪያ የሚገዛ ባለ ይዞታ የዚህን ምክንያት አስቀድሞ ቢያውቅ፤ ገንዘቡም ጊዜውም ከመባከን ይድናል።

በአሜሪካን አገር የመገናኛ ኮሚሲዮን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1985 ዓመት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጥቂት የሞገድ ክፍሎችን ማንም ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራባቸው በለቀቀ ጊዜ፤ ፋብሪካዎች ሽቦ አልባ መረብ ለመሥራት ተነሡ። ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ዘዴ ስለ ሠራ፤ የአንዱ ዕቃ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም ነበር፤ አንድ ጊዜ ከአንዱ የገዛ ሰውም ሁልጊዜ ከዚያው ለመግዛት ይገደድ ነበር። ስለዚህ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ1990 ጉባኤ አቋቋመ፤ የሆላንዱ መሐንዲስ ቪክ ሄይስም ዐሥር ዓመት በሰብሳቢነት መራው። 802.11 የተባለው የጋራ ሕግም በ1997 ወጣ።

ሆኖም ይህ የመጀመሪያው ሕግ ሦስት ልዩ ልዩ የመላኪያ መንገዶችን ፈቅዶ ነበር፤ ሁለቱ በራዲዮ ሞገድ፤ ሦስተኛው በዓይን በማይታይ ብርሃን ነበሩ። ስለዚህ ሁለት መሣሪያዎች ሁለቱም ሕጉን አክብረው ሳሉ እርስ በርሳቸው ላይሰማሙ ይችሉ ነበር። ሕግ መጻፉ ብቻ እንዳይበቃ፤ የሚመረምር ዳኛም እንደሚያስፈልግ ከዚህ ታወቀ። በ1999 ዓመት በአንድ ሰኮንድ 11 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፈው 802.11ቢ ሲወጣ፤ ኖኪያና ሉሰንት የሚገኙባቸው ስድስት ኩባንያዎች በዚያው ዓመት አንድ ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩም የአንዱን ፋብሪካ ዕቃ ከሌሎች ፋብሪካዎች ዕቃ ጋራ እያገናኘ ይፈትናል፤ ፈተናውን ላለፈውም ዋይ ፋይ የሚል ምልክት ይሰጣል። በ2002 ስሙ ዋይ ፋይ አላያንስ ተባለ።

ምልክቱ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው ወሰን ሞገዱ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ ዕቃ በ5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራውን ከቶ አይሰማም። የአፈርን እርጥበት የሚለኩ ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች 2.4ን ብቻ የሚያውቁ ስለ ሆኑ፤ ማሠራጫው ይህን ሞገድ ካልያዘ ልፋቱ ከንቱ ነው። 2.4 ከ5 ይልቅ ርቆ ይሄዳል፤ ሁለቱም ግን ውሃ በያዘ ቅጠል ውስጥ ሲያልፉ ይደክማሉ።

ሁለተኛው ወሰን ቻናል የተባለው የሞገዱ መደብ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ በአሜሪካን አገር ከ1 እስከ 11፤ በአውሮጳ ከ1 እስከ 13 ይሠራል፤ ስለዚህ ለአሜሪካን ገበያ የተሠራ ዕቃ በ13 የቆመውን ማሠራጫ ላያገኘው ይችላል። ሦስተኛው ምሥጢር መጠበቂያው ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ደብልዩ ኢ ፒ በ2001 ደካማነቱ ስለ ተገለጠ፤ በ2003 ደብልዩ ፒ ኤ፤ በ2004 ሁለተኛው፤ በ2018 ሦስተኛው ተተኩ። አዲሱን ብቻ የሚቀበል ማሠራጫ አሮጌውን ዕቃ ከደጅ ይመልሰዋል፤ ለአሮጌው ሲባል ወደ ደካማው ዘዴ መመለስ ግን የመዝገብን ምሥጢር ለሌባ መክፈት ነው።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፤ ፋብሪካው ከጋራው ሕግ በላይ በራሱ የሚጨምረው ነገር ነው። የጋራው ሕግ በ2003 ዓመት 54 ሚሊዮን ቢት ሲፈቅድ፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች 108 ብለው በሣጥኑ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ይህ ፍጥነት ግን የሚገኘው ያንኑ ልዩ ዘዴ ከሚያውቅ ዕቃ ጋራ ብቻ ነው። መልእክትን ከማሠራጫ ወደ ማሠራጫ የሚያሻግረውም ደብልዩ ዲ ኤስ የተባለው ዘዴ በየፋብሪካው ስለሚለያይ፤ የሁለት ፋብሪካዎች ማሠራጫዎች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ለዚህ ሥራ ኢዚ ሜሽ የተባለ የጋራ ሕግ ማኅበሩ ያወጣው በ2018 ነው።

እንግዲህ መሣሪያ የሚያስገዛ ሹም ከፊርማው በፊት እነዚህን ነገሮች ቢያደርግ መልካም ነው። በመጀመሪያ በእጁ ያሉትን ዕቃዎች ሞገድና የምሥጢር ዘዴ በመዝገብ ያስጽፍ፤ ይህም ከእርሱ በኋላ ለሚሾመው ይጠቅማል። ቀጥሎ በጨረታው ወረቀት የፋብሪካ ስም ሳይሆን የጋራውን ሕግ፤ ሞገዱን፤ ቻናሉንና የምሥጢሩን ዘዴ ይጻፍ። ዕቃው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ መሆኑን ይጠይቅ። በመጨረሻም ገንዘቡ ሁሉ ሳይከፈል አንዱን ዕቃ አስመጥቶ፤ በመጋዘኑ ውስጥ ካለው አሮጌ ዕቃ ጋራ አገናኝቶ ይፈትን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሚያብረው ግን ድሩ ሁሉ ባንድ ልክ ሲፈተል ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቍጥር አይቶ የገዛ ሰው ለአንድ ፋብሪካ ገባር ይሆናል፤ የጋራውን ሕግ አይቶ የገዛ ግን በሚመጣውም ዓመት ከወደደው ይገዛል።