ባለ ሦስት ስክሪን የፒንቦል ሣጥንና የነጋዴው ጥንቃቄ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቦንጋ ከተማ በንግዱ ዓለም ስሟ የሚነሣው በቡናዋና በማሯ ነው። ይሁን እንጂ የከፋ ዞን ዋና ከተማ እንደ መሆኗ መጠን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚኖርባት ስለሆነች፣ ከፑልና ከጆተኒ ሌላ ምን ዓይነት መጫወቻ ገበያ ሊያገኝ እንደሚችል የሚያሰላስል ባለሱቅ ቢገኝባት አያስደንቅም። በውጭ አገር ለቤት ውስጥ መዝናኛነት የሚሸጠው በኮምፒዩተር የሚሠራ የፒንቦል ሣጥን ለዚህ ሐሳብ አንድ መልስ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጠባዩን አስቀድሞ ላልመረመረ ሰው የኪሳራ ምክንያት እንደሚሆን መታወቅ ይገባዋል።

ፒንቦል በተዳፋት ሰሌዳ ላይ የምትንከባለለውን የብረት ኳስ በሁለት መምቻዎች እየመለሱ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። ኳሷን በሞላ የመወርወሩ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ ለሞንታግ ሬድግሬቭ የፈጠራ መብት አስገኝቷል፤ መምቻዎቹ ደግሞ በ1947 የጎትሊብ ፋብሪካ ባወጣው «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው መኪና ላይ ተገጠሙ። የኒው ዮርክ ከተማ ጨዋታውን ከቁማር ቆጥሮ በ1942 ከለከለው፤ ክልከላውም የተነሣው በ1976 ነው። በ1999 ስመ ጥሩው የዊልያምስ ኩባንያ የፒንቦል ክፍሉን ዘጋ። በሚከተለው ዓመት፣ ማለትም በ2000፣ ራንዲ ዴቪስ የተባለ ባለሙያ «ቪዡዋል ፒንቦል» የተሰኘውን ፕሮግራም ስላወጣ፣ ችሎታው ያለው ሁሉ በኮምፒዩተር ላይ የፒንቦል ሰሌዳ እንዲሠራ መንገድ ተከፈተ።

እውነተኛው የፒንቦል መኪና ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ሞላውና ሽቦው፣ አምፑሉና ጎማው የማያቋርጥ ጥገና የሚሻ ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራው ሣጥን መልኩ ይህንኑ ቢመስልም በሰሌዳው ፋንታ ስክሪን ይዟል። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ብዙ ዓይነት ጨዋታ መጫወት ይቻላል።

የተሟላው ሣጥን ሦስት ስክሪኖች አሉት። የመጀመሪያው ተጋድሞ የሚቀመጠውና ኳሷ የምትሮጥበት ሰፊው ስክሪን ነው። ሁለተኛው በግንባሩ ላይ ቆሞ፣ በጥንቱ መኪና ባለ ሥዕሉ መስተዋት ይታይበት በነበረው ቦታ ይውላል። ሦስተኛው ነጥብ የሚነበብበት ትንሹ ስክሪን ነው፤ ይኸውም በ1990ዎቹ መኪናዎች ላይ የነበረውን፣ በወርዱ 128 በቁመቱ 32 የብርሃን ነጠብጣቦች የያዘውን ሰሌዳ የሚተካ ነው።

አስመጪው በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስክሪኖቹን በየፊናቸው የሚያሠራቸው ሣጥኑ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ስክሪን በቁጥር ለይቶ ያውቀዋል፤ ፕሮግራሙም ሜዳውን ለአንደኛው፣ የግንባሩን ሥዕል ለሁለተኛው፣ ነጥቡን ለሦስተኛው ለይቶ መላክ መቻል አለበት። «ቪዡዋል ፒንቦል» ይህን የሚፈጽመው ለግንባሩ ሥዕል ከተዘጋጁ ረዳት ፕሮግራሞች ጋር ሲሆን፣ የሃንጋሪው ዜን ስቱዲዮስ የሚሸጠው «ፒንቦል ኤፍኤክስ» ደግሞ ለሣጥን ተብሎ የተዘጋጀ አሠራር አለው። ለአንድ ስክሪን ብቻ የተሠራ ጨዋታ ግን በባለ ሦስቱ ሣጥን ላይ ቢጫን ሁለቱ ስክሪኖች ያለ ሥራ ይቀራሉ። ለእነርሱ ገንዘብ የከፈለ ነጋዴ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆንበታል።

ሌላም ችግር አለ። ከስክሪኖቹ አንዱ ዘግይቶ ቢበራ ወይም መሰኪያው ቢለዋወጥ ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን ሊያዛውር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሜዳው በግንባሩ፣ ሥዕሉም በሜዳው ላይ ይታያል። ደንበኛው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ቢመልሰውም ጉድለቱ የአቀማመጥ እንጂ የዕቃ አይደለም። በየመሰኪያው ላይ ምልክት ማድረግና ስክሪኖቹን ሁሉ ከኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ማብራት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስለ ኤሌክትሪክም ማሰብ ያስፈልጋል። የአገራችን ኃይል 220 ቮልት ሲሆን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት በሻጩ ጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። መብራት በድንገት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ እንዳይጎዳ የዩፒኤስ ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። የሣጥኑ ግዙፍነት ከጂቡቲ እስከ ቦንጋ የሚያስወጣው የማጓጓዣ ገንዘብም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ትእዛዝ በተሰጠበትና ክፍያ በሚፈጸምበት ቀን መካከል ዋጋው ሊለወጥ እንደሚችል ነጋዴው አይዘንጋ። የውጭ ምንዛሪው የሚገኘው ቡና ላኪው ከሚያመጣው ገቢ ጭምር ነውና በከንቱ ሊባክን አይገባውም። ስለዚህ ስክሪኑንና ኮምፒዩተሩን ከአገር ውስጥ ገበያ መርጦ፣ የመምቻ ቁልፎቹን ብቻ አስመጥቶ፣ ሣጥኑን በአናጢ ማሠራት የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል። አንድ ስክሪን ቢበላሽም ምትኩ በቅርብ ይገኛል።

በመጨረሻም የባለመብትነት ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ የ«ቪዡዋል ፒንቦል» ሰሌዳዎች በፈቃደኞች ለነፃ መጫወቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በሣጥን ጭኖ መሸጥን ሠሪዎቹ አይፈቅዱም። ለቤት የተሸጠ ጨዋታም በአደባባይ ገንዘብ ለማስከፈል ፈቃድ ያሰጣል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ሦስቱን ስክሪኖች አብርቶ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ሻጩ ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ግን ገንዘቡን በኪሱ ማቆየት ይሻለዋል።