ሴሎቻችን የተበላሸ ፕሮቲንን እንዴት ያስወግዳሉ? ከእርጅናስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የእርጅና ምልክት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሽበትና የቆዳ መሸብሸብ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ግን ከዕድሜ ጋር የሚዳከም ሌላ ሥራ አለ፤ እሱም የሴሎች ጽዳት ነው።

በሴል ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ሲበላሽ ወይም ሥራውን ሲጨርስ ሴሉ ዩቢኩቲን የተባለ፣ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፍበታል። ዩቢኩቲኖቹ ተቀጣጥለው ሰንሰለት ሲሠሩ «ይህ ይወገድ» የሚል ምልክት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ፕሮቲያዞም የተባለው በርሜል መሰል መፍጫ ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ወደ ውስጥ ስቦ ይቆራርጠዋል። ዩቢኩቲኑ ተላቆ ዳግም ለሥራ ይውላል። ይህን አሠራር ያገኙት አሮን ሲቻኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮ እና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ዕድሜ ሲገፋ በብዙ የሰውነት ክፍሎች የዚህ መፍጫ አቅም ይቀንሳል፤ የተበላሹ ፕሮቲኖችም ይጠራቀማሉ። ጉዳቱ የሚከፋው በአንጎል ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የአንጎል ሴሎች ሲሞቱ አይተኩምና። በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚገኙት የፕሮቲን ክምችቶች ብዙ ጊዜ ዩቢኩቲን ተለጥፎባቸዋል። ይወገዱ ተብለው ሳይወገዱ የቀሩ ናቸው ማለት ነው።

ጾምስ? ሴል ሌላም የጽዳት መንገድ አለው፤ ኦቶፋጂ ይባላል። ምግብ ሲጎድል ይበረታል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በእርሾ ላይ ባደረገው ምርምር በ2016 የሕክምና ኖቤል ተሸልሟል። ይህን ይዘው «ጾም አልዛይመርን ያድናል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህ በሰው ላይ አልተረጋገጠም። ጾም ኢባዳ ነው፤ የምንጾመውም አላህ (ሱ.ወ) ስላዘዘን ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

እርጅናን የሚያስቀር መድኃኒት እስካሁን የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ ሲናገሩ እርጅናን ለይተው አውጥተዋል። እናታችን አንድን ጥያቄ አሥር ጊዜ ብትደጋግም ግትርነት አይደለም፤ ሕመም ሊሆን ይችላል። ወደ ሐኪም እንውሰዳት። አሥረኛውንም ጊዜ እንደ መጀመሪያው በለስላሳ አንደበት እንመልስላት፤ ቁርኣን ወላጆቻችን ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳን እንዳንላቸው አዞናልና።