ከአንድ ማርክ እስከ ዐሥር ብር

ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ምሽት፣ ካርል ሃይንዝ ቦም የተባለ የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ተወዳጅ የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀረበ። በድርቅ ለተጎዳው የሳህል ሕዝብ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አያወጣም ሲል ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፤ በእርግጥም ሲሶው አላወጣም። ያም ሆኖ የተሰበሰበው ከአንድ ሚሊዮን ማርክ አለፈ። ቦም በመርታቱ ደስ ብሎት ቤቱ አልተቀመጠም። ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

ድርጅቱ መጀመሪያ የሠራው በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በኤረር ሸለቆ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን የጀማን ገደል ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሸዋው መርሐቤቴ ገባ። ዓለም ከተማ ላይ ያለው እናት ሆስፒታል የዚያ ሥራ ውጤት ነው፤ በየቀበሌው የቆሙት ትምህርት ቤቶችና የጎለበቱት ምንጮችም እንዲሁ። በባቫሪያ የምትገኘው የፋተርሽቴተን ከተማ ሕዝብም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዓለም ከተማ ጋር በእህትማማችነት ተሳስሮ፣ መርሐቤቴን በካርታ እንጂ በዓይኑ ያላየ ብዙ ሰው የራሱን ድርሻ ሲያዋጣ ኖሯል። ቦም ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያርፍ በዚያ ሆስፒታል የተወለዱ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

ስለ ተማሪና ስለ በጎ አድራጎት መዋጮ ስንነጋገር ከዚህ መነሣት ያለብን ይመስለኛል። «ተማሪ ምን አለውና ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ በየግቢው ይሰማል፤ ጥያቄው ስድብ የለበትም፤ እውነት አለው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር፣ ከዚያ 22 ብር ነበር። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ ልጅ አባቱ በግ ሸጠው የሰጡትን ብር በቀበቶው ሥር ሸሽጎ የሚሳፈር፣ እናቱ በሶና ቆሎ የቋጠሩለት ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ገንዘብ ሊሰጥ አይችልም። እናት ሆስፒታል ግን ብዙ በሰጠ ሰው አልተሠራም። ጥቂት ጥቂት በሰጡ ብዙ ሰዎችና ያን ጥቂት ሳያባክን ለዓመታት በያዘ ድርጅት ነው የተሠራው። ተማሪው የመጀመሪያው ነገር ሞልቶታል፤ ብዙ ነው። የጎደለው ሁለተኛው ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ ለወገኑ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ገደማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። በ1965 ዓ.ም. መምህራን ከወሎ ያመጧቸው የረሃብ ፎቶግራፎች ግቢው ውስጥ ሲታዩ፣ ተደብቆ የነበረው እልቂት የተማሪው ጉዳይ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ጉዳዮች ነበሩ፤ ሆኖም ወይ ከበላይ የታዘዙ ወይ ቁጣ የወለዳቸው ስለነበሩ መንግሥቱ ሲለወጥ፣ ቁጣው ሲበርድ አብረው ቆሙ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የመንዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ከአገሩ ራቀ ማለት ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲው ጣርማበር ሳይደረስ ተተክሎ፣ የመሐል ሜዳና የሞላሌ ገበያተኛ የሚሳፈርበት መናኸሪያ ባለበት ከተማ ይገኛል። ችግሩም ራሱ ግቢው በር ድረስ መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲናና እስከ መንዝ ሲዘልቅ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉት ደግሞ በቻይና ካምፕና በወይንሸት መጠለያ ሲሰፍሩ፣ ከተማው የተቸገረ ወገን ሞላበት።

እንዲህ ባለ ጊዜ በአገሪቱ ግቢዎች የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርቶን ሣጥን የያዙ ልጆች ካፌው በር ላይ ይቆማሉ። የምረቃ ዓመት ተማሪዎች ብሩሽና ቀለም ይዘው የመምህራንን ጫማ ይጠርጋሉ፤ መኪና ያጥባሉ። ከየዶርሙ ብርድ ልብስና ሹራብ ይሰበሰባል፤ ደም ይለገሳል። ይህ ሁሉ የሚያስከብር ነው። በሳምንት ውስጥ የሚሰበሰበው ልብስና ገንዘብም ብዙ ሕይወት ያተርፋል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጥር የተነሣው እንቅስቃሴ በሰኔ ይቀዘቅዛል፤ ሊቀመንበሩ ይመረቃል፤ የባንክ ደብተሩ ከገንዘብ ያዧ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ በመስከረም የሚገባው አዲስ ተማሪ ክበቡን ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ የሚሞት ማኅበር የሰጪውን ልብ ያደክማል፤ ተቀባዩንም ከቃል በቀር ምንም ሳያስይዘው ይቀራል።

የመንዝ ሰው ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ መፍትሔውንም እንዲሁ። በእድሩ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ለፋፊ አለ። ዳኛው ሲሞት እድሩ አይሞትም። በጽዋ ማኅበሩ ሙሴው ይለወጣል፤ ጽዋው ይዞራል። ከሁሉ በላይ ግን ጓሳን ማየት ይበጃል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ያ የሣር ምድር ወደ 400 ዓመት ገደማ የተጠበቀው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል ጠባቂ ይመርጣል፤ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ደርሶ ሲታይ በስምምነት ይከፈታል፤ ሳይፈቀድ ያጨደ ይቀጣል። ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ የሚያጭደው መቼ እንደሆነ፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሥርዓቱ የፈረሰው፣ የቆመበትን የርስት መብት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲያነሣው ነው፤ ያኔም ጓሳው ለጉዳት ተጋለጠ። ኋላ ሕዝቡ በአዲስ ኮሚቴ መልሶ ባያደራጀው ኖሮ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ በዚያ ባልተገኙ ነበር። የጋራ ሀብት ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የመንዝ ተማሪ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ አያቱን መጠየቅ ይበቃዋል።

በሌላው ዓለምም የጸናው የተማሪዎች መዋጮ በዚሁ መንገድ የቆመ ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂዱት የጭፈራ ማራቶን አለ፤ 46 ሰዓት ሳይቀመጡ፣ ሳይተኙ ይቆማሉ። ዛሬ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሰበስባሉ። ከጭፈራው ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዓላማ ብቻ መያዛቸው ነው፦ ካንሰር የያዛቸው ሕፃናትና ቤተሰቦቻቸው። ተማሪው ይመረቃል፤ ዓላማው አይመረቅም። በኖርዌይ ደግሞ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን ከክፍል ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራሉ፤ የዚያ ቀን ደመወዛቸው በሌላ አገር ላሉ ወጣቶች ትምህርት ይሄዳል። ደቦና ወንፈል ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የኖርዌዩ ልጆች መንገድ ለእኛ ከሁሉ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪው የሌለውን ገንዘብ ሳይሆን ያለውን ጉልበትና እውቀት እንዲሰጥ ያደርጋልና። ጫማ መጥረጉ ጥሩ ጅምር ነው። የኮምፒውተር ተማሪ ለነጋዴ የሂሳብ መዝገብ ቢያዘጋጅ፣ የቋንቋ ተማሪ ማመልከቻ ቢጽፍና ቢተረጉም፣ የሒሳብ ተማሪ የከተማ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቢያስጠና ግን ከጫማው የሚበልጥ ገንዘብ ይገኛል፤ ሙያውም አብሮ ያድጋል። የመንዝን ባና ደግሞ ማንም አላሰበበትም። የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚችል ልብስ ነው። ተማሪዎች ከሸማኔዎቹ በተገቢው ዋጋ ተረክበው ለምረቃ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ወላጆች ቢሸጡት፣ ትርፉ ለተማሪዎች እርዳታ፣ ዋጋው ለሸማኔው ቤት ይደርሳል። ይህ ከቶምቦላ ይሻላል። ቶምቦላ የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዕጣ ያልወጣለትም ሰው የሚሰጠው በተስፋ እንጂ በርኅራኄ አይደለም።

በየግቢው የተለመደ አንድ መንገድ ግን እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የአንድ ቀን ምግብን መተው። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ተማሪው ምሳውን ይተዋል፤ ወጪው በገንዘብ ተተምኖ ለተቸገረ ይሰጣል። ነገር ግን የተማሪዎች ኅብረት በድምፅ ወስኖ የሁሉንም ምሳ ሲያስቀር ከኪሱ ዳቦ የሚገዛበት ያለው አይራብም፤ ከካፌው በቀር ምንም የሌለው ነው ጦሙን የሚውለው። ድሀው ተማሪ የከበደውን ድርሻ ይሸከማል ማለት ነው፤ እንዳይናገርም ያፍራል። ስለዚህ የሚተው በፈቃዱ ስሙን ይጻፍ፤ ያልጻፈውን ማንም አይጠይቀው።

ቋሚው ገቢ ከዐሥር ብር ሊነሣ ይችላል። አንድ ሺህ ተማሪዎች በወር ዐሥር ዐሥር ብር ቢያዋጡ በዐሥር ወር 100,000 ብር ይሆናል። የአንድ ሻይ ዋጋ እንኳ አይሞላም ለሚሉት፣ ልክ ናቸው፤ ለዚህም ነው ማንንም የማይጎዳው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ መሰብሰቡም ሣጥን አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ግን አደጋው ተደቅኗል፤ በአንድ ልጅ የግል ስልክ ቁጥር የሚሰበሰብ የሕዝብ ገንዘብ፣ ልጁ ቅዱስ ቢሆንም እንኳ፣ ሐሜትን ይጠራል። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ቶሎ የማይመረቅ ተማሪ፣ ሌላው መምህር ይሁን፤ በየወሩ የገባውና የወጣው በካፌው ግድግዳ ይለጠፍ። ከግቢ ውጭ ሕዝብን ለመጠየቅ የሚነሣ ደግሞ ሕግ አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባለውን አደረጃጀት ያውቀዋል፤ ለድርጅቶችም የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ለተማሪ ማኅበር ይህ ጣሪያ ራሱ ብዙ ነው፤ ከተሰበሰበው ለትራንስፖርትና ለወረቀት ካልሆነ በቀር ሳንቲም መነካት የለበትም።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? ለሁሉም ችግር ልድረስ የሚል ክበብ ለአንዱም አይደርስም። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ እኔ የምመርጠው አንድ ነው፦ ከገጠር ቀበሌ ወጥተው በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ቤት ተከራይተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች፣ በተለይም ልጃገረዶች። ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ወደ ከተማ ይመላለሳሉ። የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ በትልቅ ምክንያት አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ሞዴስ፣ የማታ ጥናት መብራት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን በር ያለፈ የመንዝ ልጅ ከኋላው የቀሩትን በስም ያውቃቸዋል፤ በየትኛው ቤት እንደሚያድሩ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ማን ከክፍል እንደቀረ። ይህን እውቀት ከውጭ የሚመጣ ድርጅት በዓመት ጥናት አያገኘውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ሲከፈትም ሲዘጋም ከርሟል፤ ገንዘብ ቢሰበሰብ እንኳ ዕቃ ይዞ መጓዝ የሚያሰጋበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው ለማንም ወገን ሳያዳላ መርዳት አለበት፤ ደብተር የሚቀበል ልጅ የማን ደጋፊ እንደሆነ አይጠየቅም። ለዚህም ገንዘቡ ከእድሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ሽማግሌዎችና ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር በተጻፈ ስምምነት ቢሄድ ይሻላል። እነሱ እዚያው ናቸው፤ መንገድ ቢዘጋም አይሄዱም፤ ለማን ምን እንደተሰጠም በፊርማ ይመልሳሉ።

ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው። አዲስ ኮሚቴ የሚመረጥበት ወር ሰኔ ከሆነ ዘግይቷል፤ ተመራቂው ያኔ ሐሳቡ ካባው ላይ ነው። ምርጫው በየካቲት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ይሁን፤ አሮጌውና አዲሱ አራት ወር አብረው ይሥሩ፤ የባንኩ ፊርማ በግንቦት ይቀየር። ተመራቂዎቹም ከመውጣታቸው በፊት ከመጀመሪያው ደመወዛቸው ሊያዋጡ ቃላቸውን በመዝገቡ ይፈርሙ። ባለፈው ዓመት የተረዱት ልጆች ዝርዝርም ለአዲሱ ጸሐፊ በእጁ ይሰጠው፤ መስከረም ላይ የመሐል ሜዳዋ ልጅ ኪራይ መክፈል አለባትና።