ማሽን የማይገቡ የጋምቤላ ዕቃዎች

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በጋምቤላ ጓዳ ገና ብርቅ ነው። የጋምቤላ ዕቃ ግን ማሽኑ ወዳለበት አገር መጓዝ ከጀመረ ቆይቷል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የጋምቤላ ብሔረሰቦች የሆኑ ብዙ የአኙዋና የኑዌር ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በነብራስካዋ ኦማሃ ደግሞ የኑዌሩ ቁጥር ብዙ ነው። ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቅል፣ ጀበና ወይም የእንጨት ማማሰያ ቢገኝ አያስገርምም። እዚያ ማሽኑ ከወጥ ቤቱ ጋር አብሮ የተገጠመ ነው፤ እራት ሲያበቃ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ተሰብስቦ ይገባበታል። ከፊሉ ጸድቶ ይወጣል። ከፊሉ ግን ተሰንጥቆ፣ ጠቁሮ ወይም ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይወጣል። የትኛው ለምን እንደሚበላሽ ለመረዳት ከማሽኑ ጋር መተዋወቅ ይቀድማል።

ማሽኑ እንዴት ያጥባል?

የዛሬው ማሽን መነሻ የአሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክሬን ሥራ ነው። ኮክሬን በኢሊኖይ የምትኖር ባለጸጋ እመቤት ነበረች። እንግዳ የምትቀበልባቸው ውድ የፖርሴሊን ሳህኖች በእጥበት ጊዜ እየተሸረፉ ቢያስቸግሯት በእጅ የማይነካካ ማጠቢያ አሰበች። ሳህኖቹን በየልካቸው በተሠራ የሽቦ መደርደሪያ ላይ አቁማ፣ ከብሩሽ ይልቅ በግፊት የሚረጭ የሳሙና ውሃ አዘነበችባቸው። የፈጠራ መብቷን እ.ኤ.አ. በ1886 አገኘች፤ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ማሽኗን አሳየች። ማሽኑን ቀድመው የገዙትም ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ማሽኑ ገና ከጥንስሱ የታሰበው ለፖርሴሊን፣ ማለትም ጠንካራና ላዩ እንደ መስታወት ለስላሳ ለሆነ ዕቃ ነው።

አሠራሩ ዛሬም አልተለወጠም። ማሽኑ አይፈትግም። ፓምፑ ውሃውን ወደሚሽከረከሩ ክንዶች ይገፋል፤ ከክንዶቹ ቀዳዳዎች የሚወጣው ውሃ ዕቃውን ከላይና ከታች ይመታዋል። ውሃው እንደ ፕሮግራሙ ከ45 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ዱቄቱ ወይም እንክብሉ የእጅ ሳሙና ዓይነት አይደለም፤ ዋና ክፍሉ ቅባትን የሚበላ ሶዳ ነው፣ ስታርችና ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችና የሚያነጣ ንጥረ ነገርም ይጨመሩበታል። ቆዳን ስለሚያቃጥል በእጅ ለማጠብ አይሆንም። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ ዕቃው በሙቀት ይደርቃል። ስለዚህ ዕቃው አራት ነገሮችን መቻል አለበት፦ ሙቀት፣ ኃይለኛ ሶዳ፣ ረጅም ቆይታና ድንገተኛ ድርቀት።

የጋምቤላ ጓዳ ከምን ተሠራ?

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ አገራቸው ድንጋይም ብረትም የሌለበት ሜዳ መሆኑን ጽፏል። ሰዉ ዕቃውን ያበጀው ጭቃው፣ ተክሉና ከብቱ ከሚሰጡት ነው፤ ሸክላ፣ ቅል፣ እንጨት፣ ሣር፣ ቀንድ። ፋብሪካ የሠራው ዕቃ በኋላ በንግድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል የተፈቀደው የባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ጋምቤላን ከካርቱም ጋር በእንፋሎት መርከብ አገናኘ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የጎሬና የወለጋ ቡና ይወርድ፣ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ዛሬ በከተማዋ ገበያ አሉሚኒየሙም ፕላስቲኩም ብርጭቆውም አለ። በአንድ ጓዳ ውስጥ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ውሃ ወደ ውስጡ እየሳበ የሚጠጣው ዕቃና የማይጠጣው።

ሸክላ

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ይበረታል። በዚያ ሙቀት ከሸክላ ጋን የተቀዳ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጋኑ ስለሚያልብ ነው። በረቂቅ ቀዳዳዎቹ ሾልኮ የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ የቀረው ይበርዳል። ሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት የሚተኮስ ሸክላ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ አይዘልም፤ ፖርሴሊን ግን 1,300 ዲግሪ አካባቢ ተተኩሶ ቀዳዳው ይደፈናል።

ውሃ የሚያበርደው ያው ቀዳዳ ማሽን ውስጥ ጠላት ይሆናል። ሸክላው ለሁለት ሰዓት የሶዳ ውሃ ሲጠጣ ይቆይና ማድረቂያው ሲመጣ ውስጡ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ሰውነቱ ይሰነጠቃል፣ ካልተሰነጠቀም ነጭ ጨው ያወጣል። ጀበና ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ጀበና ሲገዛ ይሟሻል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚፈላው ቡና ቀዳዳዎቹን በዘይቱ እየደፈነ ያጠናዋል። ማሽኑ ይህን የዓመታት ሥራ በአንድ ዙር ገፍፎ በቦታው ሳሙና ይተካል፤ ቀጣዩ ቡናም ሳሙናውን ይዞ ይቀዳል። የሸክላ ምጣድም እንዲሁ ነው። በጎመን ዘር ታሽቶ የጠቆረው ፊቱ ከታጠበ እንጀራው ይያያዛል።

ቅል፣ ቀንድና እንጨት

ቅል የደረቀ የተክል ቅርፊት ነው። ለወተት የሚያዝ ቅል በአርብቶ አደሩ ቤት በጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ሽታ ከመስጠቱ በላይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ያዳክማል። ሙቅ ሶዳ ይህን ሽፋን ያነሳዋል፣ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፣ በክር የተጠገነ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ይፈታዋል። ውስጡ ያልደረቀ ቅል በማግሥቱ ይሻግታል።

የቀንድ ዋንጫና ማንኪያ ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ፕሮቲን ናቸው። ባለሙያው ቀንድን ቅርጽ የሚያስይዘው በሙቀት አለስልሶ ነው። ማሽኑም ያንኑ ሙቀት ይሰጠዋል፣ ቅርጹን የሚይዝለት እጅ ግን የለም። ዋንጫው ይጣመማል፣ ወዙም ይጠፋል።

እንጨት ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በፍጥነት ሲደጋገም ማማሰያው ይሰነጠቃል፣ መክተፊያው ይቆለመማል። የባሮን አሳ የሚከትፍ ሰው ከስንጥቁ የሚገባው ሽታ እንደማይወጣ ያውቃል። ሰፌድ፣ ወንፊትና ሞሰብ ላይ ብዙ ማለት አያሻም፤ የሣር ሥራ መራገፍና መጠረግ እንጂ መዘፈቅ አይወድም።

ፋብሪካ የሠራቸውም አሉ

ውሃ የማይጠጣ ሁሉ ግን ማሽን ይገባል ማለት አይደለም። የአሉሚኒየም ድስት ሳይጠቁር የሚቆየው ላዩ ላይ ባለች ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሶዳ ሽፋኗን ይበላና ድስቱ ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሲነኩትም እጅ ያጠቁራል። ተሟሽቶ የቆየ የብረት መጥበሻ ቅባቱ ተገፎ ይዝጋል። የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ በየዙሩ ቅቡ ይሳሳል። ቢላ ከሌላው ብረት ጋር እየተጋጨ ስለቱ ይደንዛል፣ የእንጨት እጀታው ይላቀቃል። በፔርሙዝ ሁለት ግድግዳዎች መካከል አየር የወጣለት ክፍተት አለ፤ መግጠሚያው ከላላ ሙቀት መያዙን ያቆማል። አፉ የወርቅ ቀለበት ያለው ሲኒ ደግሞ ወርቁ የተቀባው ከመስታወታማው ልባስ በላይ ስለሆነ ቀለበቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ያለ ስጋት የሚገቡትም ብዙ ናቸው፦ ተራ ብርጭቆ፣ የማይዝግ ብረት ድስትና ማንኪያ፣ ያለ ወርቅ ያለ የእጅ ሥዕል የተሠራ የፖርሴሊን ሳህንና ሲኒ፣ ያልተላጠ የኢናሜል ሳህን። ኢናሜሉ ከተላጠ የተጋለጠው ብረት ይዝጋል። ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ በላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ማሞቂያው ከታች ነውና።

በእጅ ሲታጠቡ

በገጠሩ ቤት ድስት በአመድ ይታሻል። አመድም የማሽኑ ዱቄትም ቅባትን የሚያሸንፉት በአንድ ጠባይ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ቅባትን የሚበላ ጨው አለ። ልዩነቱ አመዱ በቀዝቃዛ ውሃ ለአፍታ ታሽቶ መለቅለቁ ነው፣ ማሽኑ ግን በሙቅ ውሃ ለሰዓታት ይዘፈዝፋል። ውሃ የሚጠጡ ዕቃዎች የሚጎዱት በቆይታው ነውና በእጅ ሲታጠቡም ፍጥነት ያስፈልጋል። ጀበና አተላው ተደፍቶ በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቀለቃል፣ ተገልብጦ ይንጠፈጠፋል። ማማሰያና መክተፊያ በጥቂት ሳሙና ታሽተው ወዲያው ይታጠባሉ፣ ቆመው ይደርቃሉ። ቅል በለብታ ውሃ ተወዝውዞ አፉ ክፍት ሆኖ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰቀላል፤ የጋምቤላ ቀትር ፀሐይም ልክ እንደ ማድረቂያው ይሰነጥቀዋል።

ማንኛውንም ዕቃ ለመለየት በውሃ ጠብታ ይጀመራል። ያልተቀባው የዕቃው ቂጥ ላይ ጠብ ትደረግ፤ ሰርጋ ከጠፋች ዕቃው የእጅ ነው። ቆማ ከቀረች ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ ላዩ ላይ ቅብ፣ ወርቅ፣ ስለት፣ ማጣበቂያ ወይም የአሉሚኒየም ፊት አለው? ወይስ ቀንድ፣ የሚዝግ ብረት፣ ፔርሙዝ ወይም ሙቀት የማይችል ፕላስቲክ ነው? አንዱም ካልሆነ ይግባ። ለሚኒሶታ ዘመድ ቅል ወይም ጀበና የሚልክ ሰው ይህንን ምክርም አብሮ ይላክ። ሳህኑን ማሽኑ የሚያጥብለት ሰው ጀበናውን በእጁ ለማለቅለቅ ሁለት ደቂቃ አያጣም።